መርከቧ እንድታመልጥ የሚያደርጉ የቶርፔዶ ስህተቶች

በአየር ውጊያ ጌሞች ውስጥ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ እየተጓዘ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) የሚጭን አውሮፕላን የሚመርጥ ሰው ብዙ አይደለም። ቀርፋፋ ነው። ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ከመርከብ የሚተኮሰው ሁሉ ይደርስበታል። ግን በኢል-2 1946ም ሆነ በዋር ተንደር ትልቅ መርከብ ለማስመጥ ከፈለጋችሁ እሱን መልመዱ ያዋጣል። ችግሩ አብዛኛው ተጫዋች እንደ ቦምብ ሊጠቀምበት መሞከሩ ነው። ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጉዳዩ በሰከንዶች ያልቃል። ቶርፔዶ ግን ጉዞውን የሚጀምረው ውሃ ከነካ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ ሳይነካ በፊት፣ ገና ስትጠጉ ነው።

በፍጥነትና ከከፍታ ላይ መጣል

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ሰውየው ከ2000 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል፣ በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር እየበረረ ይለቀዋል። ቶርፔዶው ውሃው ላይ ይሰበራል፣ ወይም ይነጥራል፣ ወይም በአፍንጫው ተተክሎ ሰምጦ ይቀራል። ከዚያ «ጌሙ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አለው» የሚል ስሞታ ይመጣል። ባግ የለውም፤ የእውነቱም ዕቃ እንደዛ ነበር።

የአሜሪካው ማርክ 13 ቶርፔዶ እ.ኤ.አ. በ1942 ከጃፓን ጋር በተደረገው የሚድዌይ ውጊያ ላይ ሲዋጋ፣ ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ ነበር መጣል ያለበት። ጥይት እየዘነበ በዚህ ፍጥነት ቀጥ ብሎ መብረር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከፍ ብሎና ፈጥኖ መጣል የተቻለው በኋላ ነው፤ ከአፍንጫው ላይ ከስስ እንጨት የተሠራ ቀለበት ተገጥሞለት። ጃፓኖች ደግሞ ያጠቁት የአሜሪካ ወደብ ፐርል ሃርበር 12 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ስላለው፣ ዓይነት 91 የተባለው ቶርፔዷቸው ጭቃው ውስጥ እንዳይሰካ ጅራቱ ላይ የእንጨት ክንፍ ጨመሩለት። እንግሊዞች በኅዳር 1940 ታራንቶ በተባለው የጣሊያን ወደብ ላይ ሌላ ዘዴ ነበራቸው፦ የቶርፔዶውን አፍንጫ ከአውሮፕላኑ ጋር በቀጭን ሽቦ አሰሩት፤ ሲወድቅ ሽቦው አፍንጫውን ይዞ በሆዱ እንዲያርፍ ያደርገዋል። ሦስት አገሮች የደከሙበት ችግር አንድ ነው።

እናንተ ሽቦ ማሰር አይጠበቅባችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት ቶርፔዶው የሚችለውን ፍጥነትና ከፍታ እዩ፤ ዋር ተንደር ላይ በመሣሪያው መግለጫ ተጽፏል። ጋዙን መቀነስ ያለባችሁ ከመርከቧ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ ነው። አውሮፕላኑ እምቢ ካለ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚታጠፈውን ክፍል) ትንሽ አውርዱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያላችሁ አንድ ቶርፔዶ ነው፣ የሚለቀምም የለም።

ክንፍ አጋድሎ መልቀቅ

ቶርፔዶው አውሮፕላኑ በዚያች ቅጽበት የነበረበትን አቅጣጫ ነው የሚይዘው። በመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ሰከንዶች ክንፋችሁ ቀጥ ይበል፣ አፍንጫችሁም አይደፋ። ማስተካከል ካማራችሁ ከዚያ በፊት ጨርሱ።

መርከቧ ያለችበት ላይ ማነጣጠር

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ማርክ 13 ውሃ ውስጥ የሚሄደው በ33.5 ኖት ነው፤ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ማለት ነው። 800 ሜትር ለመጨረስ 47 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ25 ኖት የምትሄድ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) በዚያው ጊዜ 600 ሜትር ትጓዛለች። የጃፓን ፉቡኪ ዲስትሮየር ርዝመቷ 118 ሜትር ነው። እንግዲህ ከጎኗ በቀጥታ ከመጣችሁ፣ ከአፍንጫዋ ፊት አምስት መርከብ የሚያስቆም ቦታ ቆጥራችሁ ነው የምትጥሉት። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ባዶ ባሕር ላይ ያነጣጠራችሁ ይመስላል። ልክ ነው፤ ባዶ ባሕር ላይ ነው ማነጣጠር ያለባችሁ።

ዓይነት 91 42 ኖት ስለሚሄድ ይሻላል፤ ለዚያው ርቀት 37 ሰከንድ ይበቃዋል፣ የምትቆጥሩትም አራት መርከብ ነው። መርከቧ ወደ እናንተ አቅጣጫ ወይም ከእናንተ እየራቀች ገደድ ብላ የምትሄድ ከሆነ ቁጥሩን ቀንሱ። ወደብ ላይ ለቆመችው ምንም አትቁጠሩ።

መሪው ላይ ኮምፒውተር ሳይሆን ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰው ቶርፔዶ ሲጣል ካየ ይታጠፋል። በእኔ ግምት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ የተጣለ ቶርፔዶ የሚያገኘው የተኛ ተጫዋች ብቻ ነው።

በጣም መጠጋት

ርቀቱን የፈሩ ደግሞ 200 ሜትር ድረስ ገብተው ይለቁታል። ከ30 ሜትር ከፍታ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የተጣለ ቶርፔዶ ውሃ እስኪነካ ብቻ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል፤ በዚያች ጊዜ 140 ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል። ከዚያ ጠልቆ ተመልሶ ይወጣል። ፊውዙም (የሚያፈነዳው መሣሪያ) ውሃ ውስጥ የተወሰነ መንገድ ካልሄደ አይከፈትም። ውጤቱ፦ ወይ ከመርከቧ ሥር ያልፋል፣ ወይ ብረቱን ቋ አድርጎ መትቶ ዝም ይላል። ከ600 እስከ 1000 ሜትር ያለው መካከል ጥሩ ነው።

ብቻን መግባት

አንዲት መርከብ ከአንድ ወገን ለሚመጣ ቶርፔዶ አፍንጫዋን አዙራ ታሳልፈዋለች። ከሁለት ወገን ሲመጣባት ግን ለአንዱ ስትታጠፍ ጎኗን ለሌላው ትሰጣለች። ጃፓኖች በግንቦት 1942 ኮራል ባሕር ላይ ሌክሲንግተን የተባለችውን የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ ከግራም ከቀኝም መጡባት፤ ግዙፏ መርከብ ቶሎ መታጠፍ አልቻለችም፣ ሁለት ቶርፔዶ አገኛት። ኦንላይን ስትጫወቱ አንድ ጓደኛ ቢኖራችሁ ይበቃል፤ በቀኝና በግራ ተከፋፈሉ፣ እኩል ጣሉ።

ተዋጊ አውሮፕላን ሳያጅባችሁ መግባትም ያው ነው። ሚድዌይ ላይ ሆርኔት ከተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሱት 15 ቶርፔዶ ጣዮች ያለ አጃቢ ገብተው 15ቱም ወደቁ። ከ30 ሰው የተረፈው አንድ ነው።

ሳያጣሩ መጣል

ግንቦት 26 ቀን 1941 የጀርመኗን የጦር መርከብ ቢስማርክን ሊመቱ ከአውሮፕላን ተሸካሚዋ አርክ ሮያል የተነሱት የእንግሊዝ ሶርድፊሽ አውሮፕላኖች የራሳቸውን የጦር መርከብ፣ ክሩዘሯን ሼፊልድን፣ አጠቁ። ደግነቱ ከቶርፔዶዎቹ አንዳንዶቹ ውሃ እንደነኩ በከንቱ ፈነዱ፤ ማግኔት የሚጠቀመው ፊውዛቸው ችግር ነበረበት። ፊውዙን ሲመታ ብቻ በሚፈነዳ ቀይረው እንደገና ወጡ፤ በዚያው ምሽት የቢስማርክን መሪ ያበላሹት እነሱ ናቸው። ሰርቨር ላይ ግን ወገንን የመታ እንዲህ ዓይነት ዕድል አያገኝም፤ ይባረራል።

ጥሎ ሽቅብ መውጣት

ከጣላችሁ በኋላ ወደ ላይ ከወጣችሁ ሆዳችሁን ለመድፈኞቹ ታሳያላችሁ፣ ፍጥነትም የላችሁም። ውሃው ላይ ተለጥፋችሁ ጋዙን ሙሉ ስጡ፣ በመርከቧ ጅራት በኩል እለፉ። ቶርፔዶውን በካሜራ ለመከታተል የሚጓጓውንማ ተዉት፤ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው የሚያየው።

ጎኑን መርሳት

ትልቅ የጦር መርከብ በአንድ ቶርፔዶ ላትሰምጥ ትችላለች። ውሃ በግራ ሲገባባት በቀኝ ውሃ አስገብታ ሚዛኗን ትጠብቃለች። ለዚህ ነው አሜሪካኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1945 የጃፓኗ ግዙፍ የጦር መርከብ ያማቶ ላይ ቶርፔዷቸውን አብዛኛውን በግራ ጎኗ ያጎረፉት። ዋር ተንደር ላይም መርከብ ውሃ ይገባባታል፣ ታጋድላለች። ቶርፔዶ ሞልታችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ የመታችሁት በየትኛው ጎን እንደነበር ይዛችሁ ተመለሱ።