ከረጢቱ ከመታተሙ በፊት፦ የድርጅት ስም ስናጣራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ሐጂ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ቢሮዬ መጡ። በብብታቸው የታጠፈ ባዶ የዱቄት ከረጢት ይዘዋል። ገና ሳይቀመጡ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። በአረንጓዴና በቀይ ቀለም ትልቅ ስም ታትሞበታል፣ ከሥሩ «ኃ/የተ/የግ/ማ» (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ይላል። «ይቺን ስም አስመዝግቢልኝ ልጄ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ስንት አሳተሙ?»

«4,000።»

«ስሙስ ተጣርቷል?»

«የልጅ ልጄ በስልኩ አይቶ፣ ማንም አልያዘውም ብሎኛል።»

ተይዟል። ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ደሴ ላይ የሰው የንግድ ምዝገባ ሳስጨርስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ ያለ ከረጢት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ የሰው ላብ ነው። ከረጢቶቹን አሁን ገልብጠው ፉርሽካ እየሞሉባቸው ነው። ሌላው ሰው እዚህ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

በአንድ አጻጻፍ ፈልጎ «የለም» ማለት

የሐጂን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ በሌላ ላሳያችሁ። ሐይቅን ውሰዱ፣ ወደ ወልዲያ ስንሄድ የምናገኘውን ሐይቃችንን። በሐመሩ ሐ ይጻፋል። በሃሌታው ሀ ይጻፋል። በብዙኃኑ ኀ የሚጽፍም አይጠፋም። ለጆሯችን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሐጂንም ስም የልጅ ልጃቸው በሀ ፈለገው፣ ቀድሞ የያዘው ሰው ግን በሐ አስመዝግቦታል። በቃ፣ ይኸው ነው የሆነው።

ፀሐይ የሚል ስም ላለው ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሁለት ጸ አለ፣ ሦስት ሀ አለ፣ ይኼ ብቻ ስድስት አጻጻፍ ነው፤ ሃ፣ ሓ እና ኃ እያሉ የሚጽፉትን ስትጨምሩበት አሥራ ሁለት ይሆናል። ሰላም በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ፣ ዓለም በአ እና በዐ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ወረቀት አውጡና ስሙ የሚጻፍባቸውን መንገዶች በሙሉ ደርድሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ፈልጉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ግማሽ ሰዓት ነው! ግማሽ ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ የዓመት ጥሪቱን ማተሚያ ቤት ያፈሰሰ ሰው ስንቱን አየሁ መሰላችሁ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ፍለጋው ባዶ ከመጣ ስሙ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ፊደል የተጻፈ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። ማመልከቻችሁን የሚያየው ባለሙያ በጆሮውም ይመዝናል። አዋጅ ቁጥር 980/2008ም የሚከለክለው ቁርጥ አንድ የሆነውን ስም ብቻ አይደለም፣ ሰው እስኪያሳስት ድረስ የሚመሳሰለውንም ነው። ስለዚህ ፊደል ቀይረን እናሳልፈው የሚል መካሪ ካለ አትስሙት።

ጅራት መቀጠል

«ስሙ ከተያዘ ኢንተርናሽናል እንጨምርበት» ይሉኛል። ጠቅላላ፣ ትሬዲንግ፣ እና ቤተሰቡ፣ ቁጥር 2። ሰው የሚያስታውሰው የፊተኛውን ቃል ነው፣ መዝጋቢውም የሚያየው እሱን ነው። «ኃ/የተ/የግ/ማ»ም ሆነ በ2013ቱ የንግድ ሕግ የመጣው «ባለአንድ አባል» የሚለው የማህበሩን ዓይነት ይናገራል እንጂ ስሙን ከሌላው አይለይም።

«ደሴ ላይ እንዲህ የሚባል የለም»

ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ ዞሮ ታፔላ አይቶ የሚመጣ አለ፤ እውነቴን ነው። ምዝገባው የሰፈር አይደለም። ስሙን ሐዋሳ ላይ የያዘ ሰው ካለ ተይዟል። መፈለጊያው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ የሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ እዚያ ከፈለጋችሁ በኋላ ደግሞ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ብቅ ብላችሁ ባለሙያውን በአካል ጠይቁት።

ስሙ ሳይፈቀድ ሰነድ ማዘጋጀት

ይኼን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። አራት ሸሪኮች ነበሩ፣ ሦስቱ እዚህ፣ አንዷ ጅዳ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ማህበር ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ከዓረብ አገር ይመጣል፣ ሥራው እዚህ ይሠራል። ቸኩለው ነበርና እኔም አብሬ ቸኮልኩ። ስሙ ገና ሳይፈቀድ መመስረቻ ጽሑፉን አዘጋጀሁ። የጅዳዋ እህትም ውክልና እንድትልክ የማህበሩን ስም ጽፌ ሰጠኋት። ከሰው ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ፈቃድ ለምና፣ ቆንስላ ሄዳ ተሰልፋ፣ ወረቀቱን በሰው ላከችው። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ደሴ ደረሰ።

ስሙ ውድቅ ሆነ። ውክልናው ላይ የተጻፈው ማህበር ከእንግዲህ የሚመሠረት ማህበር አይደለም። ደውዬ ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ «ሌላ ቀን እንዴት እለምናቸዋለሁ?» አለችኝ። ወጪውን እኔ ከፈልኩ። የዚያችን ልጅ የእረፍት ቀን ግን ልመልስላት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌ አይዛነፍም፦ መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ መመስረቻ ጽሑፍና ውክልና፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ምዝገባው ሲያልቅ ማህተም፣ ታፔላና ደረሰኝ። ደንበኛ ቢቆጣም እኔ ጋ ሌላ መንገድ የለም።

ሁላችንም ጦሳ

አገራችንን እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። ግን ጦሳ፣ ቦርከና፣ ላኮመልዛ፣ ወሎ እያልን የተራራውን፣ የወንዙንና የአገሩን ስም ለመያዝ ስንሽቀዳደም ሁላችንም አንድ በር ላይ እንገጣጠማለን። ከዚያ ወደ ቅኝቶቹ እንሄዳለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እነሱንም ሌላው ቀድሞ አስቧቸዋል። አንዲት ወጣት ዳቦ ቤት ልትከፍት መጥታ ስድስት ስም ተመለሰባት። በመጨረሻ አያቷ ሊጡን ስታቦካ የምትለውን አንድ ቃል አመጣች፣ ማንም ያልያዘው። በአንድ ቀን አለፈ። እንዲህ ያለ ቃል በየቤታችን አለ። ሦስት አራት ስም ይዛችሁ ኑ፣ በምትወዱት ቅደም ተከተል፣ አንዱ እንዲህ ከቤት የወጣ ይሁን።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት

የንግድ ስማችሁ ተመዘገበ ማለት ዕቃችሁ ላይ የለጠፋችሁት ምልክት ተጠበቀ ማለት አይደለም። ምልክት የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። አንዴ ከተመዘገበ 7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ዱቄት፣ ሳሙና፣ የታሸገ ውሃ፣ ማር፣ ብቻ ስም ለጥፋችሁ የምትሸጡት ነገር ካለ ሁለቱንም መዝገብ እዩ። ንግድ ቢሮ የለም የተባለ ስም እዚያ የሌላ ሰው ምልክት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የሃይማኖት ተቋም የሚመስል ስም አታምጡ። የታወቀ ሰው ስምም ያለ ፈቃዱ አይሆንም።

ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይም ያው ስም እንዳለ እዩ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም ዛሬውኑ ወስኑ። ኮምቦልቻን አንዱ በኬ፣ ሌላው በሲ ይጽፈዋል፤ ደሴም በአንድ ኤስ ይጻፋል፣ በሁለት ኤስም ይጻፋል። ምዝገባው ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ ከሆነ ዕቃ ከውጭ ስታስመጡ ሰነዶቻችሁ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የመረጣችሁትን አጻጻፍ ወረቀት ላይ አስፍሩና ለሸሪኮቻችሁ ሁሉ ስጡ።

ሐጂ ነገ ሦስት ስም ይዘው ይመጣሉ። በስልክ ነግረውኛል፣ አንዱ ውስጥ ፀሐይ አለበት። የልጅ ልጃቸውንም ይዘው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ አሥራ ሁለቱንም አብረን እንፈልጋለን።