በቤት ስቱዲዮ የሚሠራ ፒያኒስትና አቀናባሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብቻውን የሚሠራ ፒያኒስት ተጫዋችም፣ አቀናባሪም፣ ቀራጭም ራሱ ነው። ስለዚህ አንዱ ሥራ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል ብሎ ማሰብ ይቀለዋል፤ ያልተቃኘውን ፒያኖ ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠን) ያቃናዋል፣ የተጣበበውን አቀናበር ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ይከፍተዋል ይላል። አይሆንም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት የቀረጻው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ነው።

ያልተቃኘ ፒያኖ መቅረጽ

ፒያኖ 88 ቁልፎች ቢኖሩትም ክሮቹ ወደ 230 ይጠጋሉ። ከወፍራሞቹ ዝቅተኛ ድምፆች በስተቀር እያንዳንዱ ቁልፍ የሚያስመታው ሁለት ወይም ሦስት ክር ነው። ከሦስቱ አንዱ ትንሽ ሲላላ፣ ለምሳሌ ሁለቱ 440 ሄርዝ ላይ ሆነው አንዱ 439 ላይ ቢወርድ፣ ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል። በየቀኑ የሚጫወትበት ሰው ጆሮው ስለለመደው አይታወቀውም፤ ማይክ ሲጠጋ ግን ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። የአንድን ኖታ ሦስት ክሮች ከተቀረጹ በኋላ ለያይቶ ማቃናት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ቅኝቱን በዋናነት የሚያዛባው የአየሩ እርጥበት ነው። አየሩ ሲረጥብ ከክሮቹ ሥር ያለው የእንጨት ገበታ ያብጥና ክሮቹን ይወጥራል፤ ቃናው ከፍ ይላል። ሲደርቅ ተመልሶ ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ እርጥበት መለኪያ ያስቀምጡና ከ40 እስከ 50 በመቶ መሐል እንዲቆይ ይጣሩ፤ ፒያኖውንም ከመስኮትና ከማሞቂያ ያርቁ። ቃኚው የሚመጣው ከቀረጻው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወይም በዕለቱ ጠዋት ይሁን። ለዓመታት ያልተቃኘ ፒያኖ ግን በአንድ ቅኝት አይጸናም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛ መቃኘት ስላለበት የቀረጻውን ቀን ሲቆርጡ ይህን ያስቡበት።

በሁለት ማይክ ቀርጾ በሞኖ አለመስማት

ይህኛው ስህተት ያታልላል፤ በሄድፎን ሲሰሙት ሰፊና ያማረ ይመስላልና። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክ ከሌላው ይልቅ ከክሩ በ34 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ ያው ድምፅ አንድ ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ ሞኖ (ግራና ቀኝ የሌለው አንድ ድምፅ) ሆነው ሲደመሩ በ500 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህ ከመሐለኛው ሲ (C) በላይ ያለው ቢ (B) ጋ ማለት ነው፤ ዜማ በብዛት የሚመላለስበት ቦታ። አድማጩ በስልክ ስፒከር ሲከፍተው አንዱ ኖታ ሙሉ፣ አጠገቡ ያለው ባዶ ሆኖ ይሰማዋል።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሞኖ ቁልፉን ተጭነው ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ በእኩል ኃይል ይምቱ፤ የሚሳሳ ኖታ ካለ አንዱን ማይክ በጥቂት ሳንቲሜትር እያንቀሳቀሱ እንደገና ይስሙ። የማያስተማምን ከሆነ የማይኮቹን አፍ አንድ ቦታ ላይ አገናኝተው በ90 ዲግሪ ይክፈቷቸው። ስፋቱ ይቀንሳል፣ ሞኖው ግን ይተማመኑበታል። ሰፋ እንዲል ከፈለጉ በ17 ሳንቲሜትር አራርቆ በ110 ዲግሪ ወደ ውጭ ማዞር የታወቀ አማካይ መንገድ ነው።

ማይኮቹን ካቆሙ በኋላ ቁልፎቹን ሳይነኩ 30 ሰከንድ ዝምታ ይቅረጹና ድምፁን ከፍ አድርገው ያዳምጡ። የፍሪጅ ንዝረት፣ የኮምፒውተር ማራገቢያ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የፔዳሉ ጩኸት ያን ጊዜ ይገለጣል። ለስለስ ያለ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ይህን ቢዘል ይቆጨዋል።

የቀረጻውን መጠን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ

በ24 ቢት ሲቀርጹ ወደ ጣሪያው (ሞገዱ ወደሚቆረጥበት 0 ዴሲቤል) መጠጋት የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ከቁራጩ ውስጥ ኃይለኛውን ቦታ በሙሉ ልብዎ ይጫወቱና ከፍተኛው ነጥብ ከ-12 እስከ -10 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። እጅ ማፍታቻ እየተጫወቱ የለኩት መጠን ስሜት ሲመጣ ያልፋል፤ የተቆረጠ ሞገድም እንደነበረ አይመለስም።

ከሚዲ ኪቦርዱ ጋር ሳይግባቡ መጫወት

ሚዲ ኪቦርድ ድምፅ ሳይሆን የትኛው ቁልፍ እንዴት እንደተመታ ለሶፍትዌሩ ይልካል፤ የምቱን ኃይል የሚገልጸው ቁጥር፣ ቬሎሲቲ፣ ከ1 እስከ 127 ይሄዳል። ኪቦርዱና የፒያኖ ሶፍትዌሩ ካልተጣጣሙ አጨዋወትዎ በሙሉ ከ50 እስከ 80 መሐል ይታፈናል፤ ያኔ በተለያየ ኃይል የተቀረጹት የሶፍትዌሩ ድምፆች ግማሾቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። አንድ ቁልፍ አሥር ጊዜ በጣም በስሱ፣ አሥር ጊዜ ደግሞ በኃይል ይምቱና ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ስሱ ወደ 25፣ ኃይለኛው ወደ 115 ካልደረሰ የቬሎሲቲውን ከርቭ (የምቱ ኃይል ወደ ቁጥር የሚቀየርበትን ስሌት) ይቀይሩ። የፔዳሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ተራው ማብሪያ ማጥፊያ ፔዳል 0 እና 127 ብቻ ስለሚልክ ግማሽ ፔዳል የሚባለውን፣ በከፊል መርገጥን፣ አያውቅም።

ቁልፉ ተመትቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን መዘግየትም ይፈትሹ። በ44,100 ሄርዝ ሲሠሩ በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ የሚያጠራቅምበት መጠን) 128 ሳምፕል ከሆነ ለብቻው 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ 1,024 ሲሆን ግን ከ23 ያልፋል። እጅ ይህን ሲሰማ ሳያውቀው ይቸኩላል፣ ቁልፉንም ያጠብቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጥሩ አጨዋወትን መቶ በመቶ ኳንታይዝ ማድረግ፣ ማለትም ኖታዎቹን በሙሉ በሶፍትዌር ልክ ምቱ ላይ ማሳረፍ ነው። አራት ኖታ ያለው ኮርድ በሰው እጅ ሲመታ ጣቶቹ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይቀዳደማሉ፤ ዜማውን የያዘው ጣትም ከሌሎቹ ጠንከር ይላል። የኮርዱ ቬሎሲቲ 58፣ 60፣ 57 እና ላይኛው 78 ሆኖ ከተቀረጸ ያ ልዩነት ራሱ ሙዚቃው ነው። የሳተውን ኖታ ብቻ ለይተው በእጅ ይግፉት፤ የቀረውን አይንኩት። ቴምፖው እንደ ልብ የሚሳብና የሚቸኩል ቁራጭ ከሆነ ደግሞ ያለ ሜትሮኖም ይጫወቱና የቴምፖውን ካርታ በኋላ ከአጨዋወቱ ላይ ያውጡ።

ግራ እጅን ታች ማጨናነቅ

ብቻውን እንዲደመጥ የተጻፈ ፒያኖ ባስና ቼሎ ሲጨመሩበት ግራ እጁ ሳይነካ ይቀራል። ከመሐለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ ወርደው ሲና ኢን (C እና E) አብረው ቢመቱ ጭቃ ይሆናል፤ እዚያ ታች የሁለቱ ድምፆችና የተከታዮቻቸው (ከዋናው ኖታ ጋር አብረው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች) ርቀት ስለሚጠብብ እርስ በርስ ይሻከራሉ። ኢውን አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ያውጡት፣ ኮርዱ ይተነፍሳል። ባስ ካለ ደግሞ የግራ እጁን ታችኛ ኖታ ጨርሶ ይተዉት። በኢኳላይዘር 200 ሄርዝ አካባቢ ከሚቀንሱ አንድ ኖታ መሰረዝ ይሻላል።

ማስተሪንግ ላይ ድምፅ ማስጮህ

ስፖቲፋይ በመደበኛው አሠራሩ ሙዚቃዎችን ወደ -14 ላፍስ (የአጠቃላይ የድምፅ ጩኸት መለኪያ)፣ አፕል ሙዚክ ወደ -16 ያመጣል። በሊሚተር (የድምፁን ጫፍ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ በሚያፍን መሣሪያ) ተጨምቆ -8 የደረሰ ፒያኖ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይቀነስበታል፤ የተጨፈለቀው የመዶሻ አመታት ግን አብሮት ይኖራል። የሞገዱ እውነተኛ ጫፍ (ትሩ ፒክ) ከ-1 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያድርጉና ስሱ ቦታ ስስ ሆኖ ይቆይ።

በመጨረሻው ሰዓት መልቀቅ

በስፖቲፋይ ለፕሌይሊስት (የሙዚቃ ዝርዝር) አዘጋጆች ሙዚቃዎን ለማቅረብ ሥራው ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ሙዚቃውን ወደ መድረኮቹ የሚያደርሰው አከፋፋይ የሚወስደው ጊዜ ስላለ አንድ ወር ቀድሞ መላክ ይበጃል። የድርሰቱ መብትና የቀረጻው መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አይርሱ፤ ቫዮሊን የተጫወተልዎት ወዳጅ ካለ ድርሻው ከመለቀቁ በፊት በጽሑፍ ይስፈር። ያልተነካውን ቀረጻ፣ የሚዲ ፋይሉንና ፕሮጀክቱን ደግሞ በሦስት ቅጂ ይያዙ፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።