በባሕር ዳርቻ ፓርክ የዓሣና የወፍ ኢንተርንሺፕ፦ ከማመልከቻው እስከ ፒሩ

ከዲሲ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ ቤይ ብሪጅን ተሻግራችሁ ወደ ምሥራቅ ከነዳችሁ፣ ሉዊስ የምትባል ትንሽ የዴላዌር ከተማ ትደርሳላችሁ። እዚያ ኬፕ ሄንሎፐን ስቴት ፓርክ አለ። በአንድ በኩል ዴላዌር ቤይ ነው፣ በሌላው አትላንቲክ። እኔ በዚያ አካባቢ አንድ ሙሉ ሰመር ሰው ዓሣ ማጥመድና ወፍ ማየት ሳስተምር አሳልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ "እንዴት ገባሽ?" የሚሉኝ ተማሪዎች ስለበዙ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ፍለጋውን በፈረንጆች ገና ሰሞን ጀምሩ። ሙቀቱ ሲመጣ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተያዘ ቦታ ነው የሚጠብቀው። የስቴት ፓርኮች ሥራ በየስቴቱ መንግሥት የቅጥር ገጽ ላይ "ሲዝናል" (የወቅት ሥራ) በሚለው ሥር ይወጣል። ለፌደራል ፓርኮች ደግሞ ከ1957 ጀምሮ ወጣቶችን ወደ ፓርኮች የሚልከውን ስቱደንት ኮንሰርቬሽን አሶሲዬሽንን እዩ። ከማመልከታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍያው ስንት ነው፣ ማደሪያስ አለው ወይ? የባሕር ዳርቻ ከተማ የሰመር ኪራይ ደሞዛችሁን ጠራርጎ ይወስደዋል። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ደግሞ ምንም ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ። ይህን እንዳትዘሉት፣ አደራ።

ሲቪያችሁ ላይ ባዮሎጂ አልተማርኩም ብላችሁ አትፍሩ። ሥራው ሰው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራችሁ ከሆነ ጻፉት፣ ሱቅ ቆማችሁ ደንበኛ አስተናግዳችሁ ከሆነ እሱንም ጻፉት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ስፓኒሽ የምትችሉ ከሆነ ግን ከላይ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ፒሩ (ወደ ባሕሩ የተዘረጋው ማጥመጃ መድረክ) ላይ ዘንግ ይዞ የሚቆመው ሰው ከዓለም ዙሪያ የመጣ ነው፣ ብዙውም ለመዝናናት ብቻ ሳይሆን ለእራቱ ነው የሚያጠምደው፣ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ሰሌዳ ደግሞ ለሁሉም አይናገርም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አሥር ዓሣና አሥራ አምስት ወፍ በደንብ ማወቅ ይበቃል። ሁሉንም ልወቅ ካላችሁ አንዱንም አትይዙም። ከዓሣዎቹ ሰመር ፍላውንደርን አስቀድሙ። ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ናቸው፣ ሲያድግ አንዱ ዓይን ዞሮ ወደ ግራ ጎኑ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ አሸዋ ላይ ጠፍጥፎ ተኝቶ ሁለቱንም ወደ ላይ አድርጎ ይኖራል። ይህን ለልጆች ስትነግሩ ፊታቸውን እዩ። ከወፎቹ ደግሞ ኦስፕሬን። ዓሣ ሲያይ እግሩን አስቀድሞ ውኃው ውስጥ ይወረወራል። አውሮፓ የሚፈለፍሉት ኦስፕሬዎች ብርዱን ሽሽት አፍሪካ ይወርዳሉ፣ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይም ይታያሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አሣ አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያርዱ ትላልቆቹ ወፎች ዙሪያውን ከበው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ዋና ነገር ያውቀዋል። ዓሣውና ወፉ አንድ ገበታ ላይ ናቸው።

ከተቻላችሁ በፈረንጆቹ ሜይ ማለቂያ ላይ ድረሱ። ዴላዌር ቤይ ላይ ሆርስሹ ክራብ የሚባለው ፍጥረት ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ላይ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ፣ እንቁላሉን ሊጥል አሸዋው ላይ ይወጣል። በዓለም ትልቁ መንጋ የሚገኘው እዚሁ ነው። ሬድ ኖት የሚባለው ትንሽ ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስቶ ወደ አርክቲክ ሲጓዝ እዚህ ያርፍና ያን እንቁላል እየለቀመ በሁለት ሳምንት ገደማ ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል። ከ2014 ጀምሮ በፌደራል ሕግ የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ተርታ ተመዝግቧል። ጀርባው ላይ የተገለበጠ ክራብ ካያችሁ ከጎን ከልባሱ ይዛችሁ አቃኑት። ጭራውን አትጎትቱ። ጭራው አይናደፍም፣ መገልበጫው ነው፣ ከተሰበረ ራሱን ማቃናት ይከብደዋል።

አሁን ዋናው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለ የአገራችን ሰው ፒሩ ላይ አገኘሁ። ባልዲው ውስጥ ፍላውንደር አለ። ሰላም እንኳ በወጉ ሳልል ማስመሪያዬን አውጥቼ ስለሚፈቀደው የዓሣ መጠን ሕግ መናገር ጀመርኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ እስከ ማታ ድረስ ደረቴ ላይ ከብዶኝ ዋለ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ያን ቀን "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ዓሣው ይነክሳል ወይ?" ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ስለ ዝዋይ ቆሮሶ አወሩኝ፣ ሚስታቸው በሚጥሚጣ እንዴት እንደምትጠብሰው ነገሩኝ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ራሳቸው "እስቲ ልጄ፣ ይቺን ለኪልኝ" አሉ። ዓሣዋን አስተኝተን፣ አፏን ገጥመን፣ ከአፏ ጫፍ እስከ ጭራዋ ጫፍ ለካን። ትንሽ ጎደለች። እጃቸውን ባሕር ውኃ ነክረው አንስተው ለቀቋት። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ስሙ፣ ሕጉ ራሱ ይመጣል። የሚፈቀደው መጠንና ብዛት በየዓመቱ ሊቀየር ስለሚችል የዘንድሮውን ዝርዝር ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ዴላዌር ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ እንደሚያስፈልግም ንገሯቸው፣ ብዙ ሰው የሚቀጣው ሳያውቅ ነው።

እጅ ማራስ ያልኩት ትልቅ ነገር ነው። ዓሣን የሚሸፍነው ልስልስ ነገር ከበሽታ ይጠብቀዋል፣ ደረቅ እጅ ደግሞ ይገፈዋል። ለልጆች ክብ መንጠቆ ስጡ፣ ጆሮውንም (ጫፉ አጠገብ ወደኋላ የቀሰረውን ሹል) በፒንሳ ጨፍልቁት። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ውስጥ አይገባም፣ ከጣት ላይም በቀላሉ ይወጣል።

ወፍ መንጠቆ ላይ ከተያዘ ሰው ሁሉ ደንግጦ ክሩን ሊቆርጥ ይሮጣል። አታስቆርጡ! ክር እየጎተተ የበረረ ወፍ ዛፍ ላይ ተጠላልፎ ይሞታል። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጉበት፣ ዓይኑ ሲሸፈን ይረጋል። ምንቃሩን ያዙ፣ አፍንጫውን ግን አትድፈኑ። ከዚያ የመንጠቆውን ጫፍ ወደፊት ገፍታችሁ አውጡና ጆሮውን ቆርጣችሁ ወደኋላ መልሱት። ውጦት ከሆነ አትንኩት፣ የዱር እንስሳት ሐኪም ጋ ይወሰድ። የተበጣጠሰ ክርንም በየማታው ልቀሙ። ኦስፕሬ ክሩን ለጎጆው ይወስደዋል፣ ጫጩቶቹ እግራቸው ታስሮ ይቀራል።

ባይኖኩላር ማስተማር ቀላል ነው። ሰዉ መጀመሪያ ወፉን በባዶ ዓይን ያግኝ። ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያምጣው። ወፍ ለይቶ የሚነግራችሁን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲን ሜርሊን አፕ በነፃ አውርዱ። ፓይፒንግ ፕሎቨር የሚባለው ትንሽ ወፍ የሚፈለፍልበት የታጠረ አሸዋ ጋ ስትደርሱ ግን ቁሙ። ጫጩቱ የጥጥ ኳስ ያክላል፣ ቀለሙም አሸዋ ነው፣ ሳታዩት ትረግጡታላችሁ።

ሰፊ ባርኔጣ፣ የተሸፈነ ጫማና ብዙ ውኃ ይዛችሁ ውጡ። ሐምሌ ላይ ግሪንሄድ የሚሉት ዝንብ ከረግረጉ ይመጣል፣ ንክሻው ያቃጥላል፣ እጅጌው ረዥም ሸሚዝ ይሻላል። ማታ ከሥራ ስትመለሱ መዥገር ፈትሹ። ከዚያ ከመተኛታችሁ በፊት በትንሽ ደብተር ላይ ስንት ሰው እንዳስተማራችሁ፣ ምን ዓሣ እንደተያዘ፣ ምን ወፍ እንዳያችሁ ጻፉ። ነሐሴ ላይ አለቃችሁን የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ያን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።