ጥርስ ነው ወይስ ሕመም? ሌሊት እንቅልፍ ለነሳን ሕፃን

ጎንደር ውስጥ ስድስት ወር የሞላው ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ጎረቤት የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ጥርስ ሊያወጣ ነው»። አማቴም ያሉኝ ይህንኑ ነበር። ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ያስቸገረኝ ሌላው ግማሽ ነው።

ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያገኘውን ይነክሳል

ይሄ የጥርስ ነው። የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ብዙ ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ይወጣሉ፤ በ4 የሚጀምር አለ፣ ዓመቱን በባዶ ድድ የሚያከብርም አለ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ድዱን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። እኔን የጠቀመኝ ጨርቅ ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። መብራት ከጠፋ የጎንደር ሌሊት ራሱ ፍሪጅ ነው።

አረቄ ድዱ ላይ አትቀቡ። ማር ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። የሚያደነዝዝ ጄልም ለሕፃን አደገኛ ነው። አገጩ ከቀላ ለሃጩን ቶሎ ቶሎ አድርቁና ቫዝሊን ቀቡት።

ሌሊት አሥር ጊዜ ይነቃል

የጥርስ ሕመም የሚጠናው ጥርሱ ብቅ በሚልበት ሰሞን ነው። በእነዚያ ቀናት ከምር ካመመው ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይረዳል፤ መጠኑ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ልጁን አስመዝናችሁ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጥም።

ሳምንቱ አልፎም ካልተኛ ጥርሱን አትውቀሱ። የእኔው ጡት አፉ ውስጥ ካልሆነ አይተኛም ነበር፤ በነቃ ቁጥር ያንኑ ይፈልጋል። አጥብቼ፣ ዓይኑ ሳይከደን አስተኝቼ ደረቱን መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ። አማቴ «ጨካኝ» አሉኝ።

ትኩሳትና ተቅማጥ

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት የጥርስ አይደለም። ጆሮውን እየጎተተ የሚያተኩሰው ከሆነ ጆሮውን ይታይለት። ተቅማጥም ከጥርስ አይመጣም፤ ዕድሜያቸው ስለገጠመ ነው የምናሳስተው። በዚሁ ወር ምግብ ይጀምራል፣ መዳህ ይመጣል፣ ከመሬት ያነሳውን አፉ ይከታል፤ ከእናቱ የወረሰው መከላከያም እየሳሳ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሚሉንና ጀሪካኑን አስቡት። መፍትሄው ጡት አለማቋረጥ፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም አልጠባም ካለ ሳታሳድሩ ውሰዱት።

የእኔው ባስቀመጠው በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አሳየችኝ፦ «ግግ ነው፣ አስወጪው፤ የሚያስቀምጠው እሱ ነው»። እብጠቱ ገና ያልወጣ ጥርስ ነው። በምላጭ ወይም በሽቦ ሲፈነቀል ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ቴታነስ ያስይዛል፣ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። እኔ ኦአርኤሱን በማንኪያ እያጠጣሁ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማንኪያው ታችኛው ድዱ ላይ ቀጭ አለ።