የከተማው በጀት ሰፈራችን ደርሷል? እንዴት እንደሚመዘን

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ስለ ከተማው ወጪ ወሬ ከተነሳ ማስረጃው ሁሌም ያው ነው፤ መሀል ከተማ የታየ አዲስ መንገድና ሰፈር የጠፋ ውሃ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለመመዘን ግን አይበቁም። የሚያዋጣው አንድ አገልግሎትና አንድ የበጀት ዓመት ይዞ ሦስት ነገር ማነጻጸር ነው፤ የጸደቀውን፣ የወጣውንና ነዋሪው እጅ የገባውን።

መጀመሪያ ሰፈርዎ በየትኛው ከተማ ሥር እንዳለ ያረጋግጡ። ቀልድ አይደለም። በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ ከተስማሙና በኦሮሚያ ሥር ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ፣ ዳር ላይ ያለን ሰው የሚመለከተው አስተዳደር ጎረቤቱ ከሚከስሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። የነዋሪነት መታወቂያውንና የግብር ደረሰኙን ማኅተም ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ከሆኑ ቀጥሎ ባለቤቱን ይለዩ፦ ከ11ዱ ክፍለ ከተሞች የትኛውም ቢሆን የውሃ መስመሩ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ዋናው አስፋልት የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ኤሌክትሪክ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የመብራት መቆራረጥን በከተማው በጀት ላይ መጻፍ ሒሳቡን ከመነሻው ያበላሻል።

ከዚያ አራት ሳምንት ይመዝግቡ። ውሃን እንውሰድ። በፈረቃው መሠረት ሊመጣ የነበረበት ቀን፣ የመጣበት ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፤ ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር በቂ ነው። መጠኑን ከቆጣሪው ብቻ አይውሰዱ፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ከፊቱ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ሊያሽከረክረው ይችላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አድርገው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይለኩ፤ 50 ጀሪካን አንድ ሜትር ኩብ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ምድር ቤትና አራተኛ ፎቅ ላይ በአንድ ሰዓት ይለካ። ታች እየፈሰሰ ላይ ከደረቀ ችግሩ የግፊት ወይም የግቢው ፓምፕ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚጠየቀው የጋራ ሕንፃው ማኅበር ነው። ሁለቱም ጋ ከሌለ ጉዳዩ ከግቢው በር ውጭ ነው።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት። ወረዳዎች የበጀትና የወጪ ሠንጠረዥ በሰሌዳ ላይ የሚለጥፉበት አሠራር አለና መጀመሪያ ግድግዳውን ይመልከቱ። ከሌለ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለሕዝብ ግንኙነቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ነው። «ስለ በጀቱ መረጃ ይሰጠኝ» ብሎ መጻፍ «ቢሮ መጥተው ያነጋግሩን» የሚል መልስ መጋበዝ ነው። ይልቅ ጉዳዩ ለምሳሌ ጤና ጣቢያ ከሆነ «የጤና ጣቢያው የ2017 በጀት ዓመት የጸደቀ፣ የተስተካከለና ሥራ ላይ የዋለ በጀት በወጪ መደብ ተለይቶ» ይበሉ። «የተስተካከለ» የምትለዋ ቃል አትቅር፤ በዓመቱ መሀል የተደረገ የበጀት ዝውውር የሚታየው እሷ ላይ ነው። ቅጂዎ ላይም መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር አስፍሮ ማኅተም ያድርግበት፤ ያለዚያ 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረጃ የለዎትም።

ሠንጠረዡ እጅዎ ሲገባ ዓይን የሚስበውን ግንባታ ለጊዜው ይዝለሉት። የመደብ ቁጥራቸው በ61 የሚጀምር ወጪዎች ለሠራተኛ የሚከፈሉ ናቸው፣ በ63 የሚጀምሩት ቋሚ ንብረትና ግንባታ። ጊዜዎን በ62፣ ማለትም በሥራ ማስኬጃው ላይ ያጥፉ፤ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ የውሎ አበል፣ የጥገና ገንዘብ ሁሉ እዚያ ነው። የዳር ሰፈር ጤና ጣቢያ ሪባን ከተቆረጠለት በኋላ የሚታመመው በዚህ መደብ ነው። ሕንፃው በካፒታል በጀት ይሠራል፣ ጄኔሬተሩ ግን የሚነሳው በሥራ ማስኬጃ ነው። ጥገናው ከዓመት ዓመት ካልጨመረና ውሎ አበሉ ካደገ የቅድሚያ ትኩረቱ የት እንደሆነ ሠንጠረዡ ራሱ ተናግሯል።

«በጀቱ አደገ» ሲባል ይጠንቀቁ። የከተማው በጀት በ2016 ወደ 140 ቢሊዮን፣ በ2017 ወደ 230 ቢሊዮን ብር ነበር። ነገር ግን በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ፓምፕ ወይም የላቦራቶሪ ዕቃ በ2016 ዋጋ ታቅዶ ከሆነ ያው ብር የሚገዛው ግማሹን ገደማ ብቻ ነው።

ለነፍስ ወከፍ ስሌት ደግሞ የሕዝብ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ብዙ ቦታም እርሻ ነበር። በድሮ ቁጥር ሲካፈል ዳር ሰፈር ሀብታም ይመስላል። የሚሻለው ብሎክና ቤት ቆጥሮ መገመት ነው። ከዚያ በመለኪያው ያስተያዩት፤ በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለ50 ተማሪ።

የአፈጻጸም ሪፖርት ሲቀርብ የፋይናንሱንና የፊዚካሉን ቁጥር ለየብቻ ይጠይቁ፤ ገንዘቡ 95 በመቶ፣ ሥራው 60 በመቶ ሊሆን ይችላል። የዘጠኝ ወሩንም ከዓመቱ ጋር ያስተያዩ። መጋቢት 30 ላይ 40 በመቶ የነበረ ወጪ ሰኔ 30 ላይ 95 ከደረሰ በሦስቱ ወር ምን እንደተገዛ ዝርዝሩን ይጠይቁ። በጀቱ ወደ ካዝና እንዳይመለስ ተብሎ የሚፈጸም የሰኔ ግዥ ብዙ ጊዜ ወንበርና ኮምፒውተር ነው፣ ቧንቧ አይደለም።

የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀው ከክረምት ብዙ ቀደም ብሎ ስለሆነ ደብተሩንና ሠንጠረዡን ይዘው ወረዳው ዘንድ የሚቀርቡበት ጊዜ ከየካቲት ባያልፍ ይመረጣል።