የጠረጴዛ ሽመና በጅማ፦ ከዋንዛው እንጨት እስከ አንገት ልብሱ

የሸማኔ ጉድጓድ የራስ ግቢ ይፈልጋል። ተከራይቶ ለሚኖር፣ ወይም ከሥራ መልስ አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚተርፈው ሰው የሚሻለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በእጅ ብቻ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ጋቢና ነጠላ አይወጣበትም፤ ስፋቱ አይበቃም። የአንገት ልብስ፣ የትሪ መሸፈኛ፣ የጠረጴዛ ልብስ ግን ያምርበታል። ከዚህ በታች ያለው ልክ የተሰላው ታጥቦ ሲያልቅ 25 ሴ.ሜ ገደማ ስፋትና 160 ሴ.ሜ ርዝመት ለሚኖረው የአንገት ልብስ ነው።

መሣሪያው

ጅማ በርጩማና ወንበር የሚሠራ አናጢ የማይታጣባት ከተማ ስለሆነች እንጨቱ አያስቸግርም። ዋንዛ ይሁን፤ ቀላል ነው፣ ለመሥራት አያስቸግርም፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ደርቆ የቆየ መሆኑን ግን ሳያረጋግጡ አይግዙ። በክረምት ከተሰነጠቀ እርጥብ እንጨት የተሠራ መጠቅለያ (ክሩና ጨርቁ የሚጠቀለልበት ክብ እንጨት) በጋ ሲገባ ይላላል፤ በጋ ተለክቶ ጥብቅ ተደርጎ የተገጠመ ደግሞ ሰኔ ላይ ያብጥና አልዞርም ይላል። ስለዚህ መጠቅለያው በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ዙሪያውን 1 ሚሊ ያህል ክፍተት ይተውለት።

ለአናጢው የሚነገረው ይህ ነው፦ 60 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 8 ሴ.ሜ ቁመትና 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያላቸው ሁለት የጎን እንጨቶች፤ በመካከላቸው 42 ሴ.ሜ ክፍት ቦታ፤ ከፊትና ከኋላ 4 ሴ.ሜ ውፍረት ያላቸው ሁለት ክብ መጠቅለያዎች። በእያንዳንዱ መጠቅለያ አንድ ጫፍ ላይ 8 ጥርስ ያለው ክብ እንጨትና ጥርሱን የሚይዝ ማገጃ ይግባ። ማገጃው ከላላ የተወጠረው ድር (በቁመት የሚዘረጋው ክር) በአንዴ ይፈታል፤ እዚህ ላይ አናጢውን ቢጨቀጭቁት ነውር የለውም። በመጨረሻም በየመጠቅለያው ላይ በሲባጎ የሚታሰር 38 ሴ.ሜ ቀጭን ዘንግ ያስፈልጋል። የድሩ ጫፍ የሚያያዘው እዚህ ዘንግ ላይ ነው።

ዋናው ክፍል ማበጠሪያው ነው። ድሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ መተላለፊያ የሚከፍተውም፣ የገባውን ማግ (ድሩን በአግድም የሚያቋርጠውን ክር) የሚመታውም እሱ ነው። ከቀርከሃ ይሠራል፦ 14 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 4 ሚሊ ስፋት፣ 1 ሚሊ ተኩል ያህል ውፍረት ያላቸው 50 ስንጥሮች፣ በእያንዳንዱ እምብርት ላይ 2 ሚሊ ቀዳዳ። ቀዳዳውን በፑንታ ለመብሳት የሞከረ ሰው ግማሹን ስንጥር ይሰነጥቀዋል። በእሳት የጋለ ወፍራም መርፌ ይሻላል፤ ቀርከሃው እየተቃጠለ ይበሳል እንጂ አይተረተርም። ያም ሆኖ ጥቂቱ መበላሸቱ ስለማይቀር 60 ያዘጋጁ።

ከላይና ከታች በሁለት በሁለት ቀጭን እንጨቶች መካከል ስንጥሮቹን እየሰደሩ፣ በየስንጥሩ መካከል 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ሲባጎ አንድ ዙር እያጠመጠሙ ያስሩ፤ ሲያልቅ ሲባጎውን ኮላ ይቀቡት። የስንጥሮቹን ርቀት የሚወስነው የሲባጎው ውፍረት ነውና ከመሃል ላይ ሌላ ዓይነት ሲባጎ አይቀይሩ። አንዱ ስንጥር ከነክፍተቱ 6 ሚሊ ይይዛል፤ ሃምሳው 30 ሴ.ሜ ይሆናል። ከመድረቁ በፊት ማበጠሪያውን ወደ ብርሃን አንስተው ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ይዩ። 3 ሚሊ ያህል የወረደ ቀዳዳ ካለ በዚያ የሚያልፈው ክር ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ዝቅ ብሎ መወርወሪያው ይጋጨዋል። ቀዳዳውን በውስጥ በኩል በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፤ የቀረች እሾህ ክሩን ቀስ በቀስ ትበላዋለች።

መወርወሪያው ማጉ የሚጠቀለልበት፣ 35 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሹካ መልክ የተቆረጡ ጠፍጣፋ እንጨት ነው።

ክሩ

የሐሙስ ገበያ ሲወጡ ማስመሪያ ይያዙ። ክሩን ማስመሪያው ላይ ሳይደራረብና ሳይወጠር ጎን ለጎን ይጠቅልሉና በ3 ሴ.ሜ ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ይቁጠሩ። ለዚህ ማበጠሪያ የሚፈለገው 20 ገደማ ነው፤ ግማሹ፣ 10፣ በ3 ሴ.ሜ ውስጥ የሚቆመው የድር ብዛት ነውና። መካከለኛ የሹራብ ክር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያርፋል። 28 ከመጣ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ይሥሩ። ሳባ የሚባለው ክር ብቻውን በጣም ቀጭን ስለሆነ ስንቱን ማጣመር እንዳለብዎ በዚሁ መንገድ ይለኩ። 14 ከመጣ ይተውት፤ ቀዳዳው ውስጥ እየተፋተገ ይበጣጠሳል።

በእጅ የተፈተለ ፈትል ለማግ ግሩም ነው። ለድር ግን ለጀማሪ አይመከርም፤ የሳሳው ቦታ ውጥረት አይችልም። የግድ ከተፈለገ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ማንኪያ ዱቄት አፍልቶ በቀጭን ሙቅ መንከርና ወጥሮ ማድረቅ ያጠነክረዋል። ይህን ግን ሐምሌና ነሐሴ አይሞክሩት፤ በጅማ ክረምት ሙቅ የጠጣ ክር ሳይደርቅ ይሻግታል።

መጠኑን እንደዚህ ያስሉ። ድሩ 100 ክር ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ50። ከዚህ ውስጥ 50 ሴ.ሜው በሁለቱ ጫፍ ለማሰሪያና ለዘርፍ ይሄዳል፣ ከቀረው 2 ሜትር አሥር በመቶ ገደማ ማጉ ሲያጎብጠው ይጠፋል፣ ከተሠራው ደግሞ አሥር በመቶ ያህል በእጥበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ለድር 250 ሜትር፣ ለማግ 200 ሜትር፤ 500 ሜትር ከገዙ መጠባበቂያም ይኖርዎታል።

ድሩን መዘርጋት

አብዛኛው ጀማሪ ይህን በጥድፊያ አልፎ ወደ መወርወሪያው ይሮጣል። ጨርቁ ላይ ኋላ የሚታየው ጉድለት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚፈጠረው ግን እዚህ ነው። ለዚህ ክፍል አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላና አንድ ረዳት ይመድቡ።

መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ያስሩ። ከኋላ ዘንጉ 2 ሜትር ከ50 ርቀት ላይ፣ ሌላ ጠረጴዛ ወይም የመስኮት ፍርግርግ ላይ፣ የማይነቃነቅ ችካል ያቁሙ። ልቃቂቱ ከኋላ መሬት ላይ ይቀመጥ። የክሩን ጫፍ የኋላ ዘንግ ላይ ይቋጩ፤ ከዚያ ክሩን አጥፈው በመጀመሪያው ክፍተት (በቀዳዳው ሳይሆን በስንጥሮቹ መካከል) ያሳልፉና እጥፉን ወስደው ችካሉ ላይ ያጥልቁ። ቀጣዩን እጥፍ ክሩን ዘንጉ ላይ አዙረው በሚቀጥለው ክፍተት፣ እንዲህ እያሉ 50 ክፍተት። የመጨረሻው ክፍተት ከዳር ስንጥርና ከማበጠሪያው ጎን መካከል ያለው ነው። ክሩን ሁልጊዜ በእኩል ጉልበት ይሳቡ፤ ሲደክምዎት የሚላላው የእርስዎ እጅ ነውና ዕረፍት የሚወስዱት አንድ እጥፍ ጨርሰው እንጂ መሃል ላይ አይሁን።

ሲያልቅ ረዳቱ እጥፎቹን ከችካሉ አውልቆ፣ አንድ ላይ ጨብጦ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ ይያዝ፤ እርስዎ የኋላውን መጠቅለያ ያዙሩ። በየዙሩ መካከል ጠንካራ ወረቀት ያስገቡ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተራግፎ ሲጸዳ ከሁሉ ይበልጣል። ወረቀቱ ከድሩ በግራም በቀኝም 2 ሴ.ሜ ይስፋ። ወረቀት ካልገባ የላይኛው ክር በታችኛው መካከል ይሰምጣል፤ የሰመጠው አጭር መንገድ ስለሚዞር ከሌሎቹ ጋር እኩል አይወጠርም፤ ግማሽ ጨርቅ ከሠሩ በኋላ መሃሉ እየላላ ዳሩ እየጠበቀ ይመጣል። ያኔ መድኃኒት የለውም።

ከማበጠሪያው ፊት 40 ሴ.ሜ ሲቀር ያቁሙና እጥፎቹን ጫፋቸው ላይ ይቁረጡ። አሁን በየክፍተቱ ሁለት ሁለት ክር አለ፤ ከሁለቱ አንዱን አውጥተው በአጠገቡ ባለው ቀዳዳ ያሳልፉ። በየአሥሩ ክር ቆም ብለው ይዩ፤ ክፍተት፣ ቀዳዳ፣ ክፍተት፣ ቀዳዳ። አንድ የተዘለለ ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ መስመር ይሆናል።

ከፊት ዘንግ ላይ በአሥር በአሥር ክር እየከፈሉ ያስሩ፤ መጀመሪያ ሁለቱን የመሃል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ወደ ዳር። በመጀመሪያው ዙር ሙሉ ቋጠሮ አያድርጉ፤ የኋለኛው ሲጠብቅ የፊተኛው መላላቱ አይቀርምና ዞረው እንደገና ይሳቧቸው። መዳፍዎን ድሩ ላይ ቀስ አድርገው ሲያሳርፉ ሁሉም ቦታ እኩል መመለስ አለበት።

መሥራት

መጀመሪያ 4 ሴ.ሜ ያህል በማንኛውም ትርፍ ክር ይሥሩ፤ በአሥር በአሥር በመታሰሩ የተፈጠረውን መራራቅ ይዘጋዋል። በኋላ ይፈታል። ማበጠሪያው ከፍ ሲል የቀዳዳው ክሮች ይነሣሉ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የክፍተቱ ክሮች ከላይ ይቀራሉ። ማጉን በተከፈተው ውስጥ አሳልፈው፣ ቀጥ አድርጎ ከመሳብ ይልቅ ከዳሩ ወደ ላይ ሰያፍ አስተኝተው፣ ከዚያ ማበጠሪያውን ወደራስዎ ይሳቡት። ቀጥ ብሎ የገባ ማግ ለማጉበጥ የሚተርፈው የለምና ዳሮቹን ወደ ውስጥ ይስባል። የሁለት ሴንቲ ሜትር መጥበብ ጤናማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የዳር ክሮች ከማበጠሪያው ጋር ተፋትገው ይበጠሳሉ።

አመታቱ ለስላሳ ይሁን። በ3 ሴ.ሜ ውስጥ 10 ማግ ከገባ ልክ ነው፤ 14 ከገባ ጨርቁ እንደ ምንጣፍ ይደርቃል።

ጥለት ለማስገባት ቀላሉ መንገድ ከሁለቱም ጫፍ 10 ሴ.ሜ ገባ ብሎ ባለ ቀለም ማግ መጣል ነው። ከፍ ያለ ነገር የፈለገ ሰው ማበጠሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ከማበጠሪያው ኋላ ከላይ ከቀሩት ክሮች አንዱን እያነሣ አንዱን እየተወ አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ያስገባና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከዚያ ቅደም ተከተሉ፦ ማበጠሪያ ከፍ፤ ማበጠሪያ መሃል ላይ ሆኖ እንጨቱ በጎኑ ቆሞ፤ ማበጠሪያ ከፍ፤ ማበጠሪያ ዝቅ። እንጨቱ ቆሞ በሚያልፈው ተራ ላይ ባለ ቀለም ክር ከተጠቀሙ ማጉ ሦስት ሦስት ክር እየዘለለ ጎላ ያለ ነጠብጣብ ይሠራል።

ድር ሲበጠስ አይደናገጡ፤ የተበጠሰውን መቋጠርም አያስፈልግም። አዲስ ክር በዚያው ቀዳዳ አሳልፈው ከፊት ጨርቁ ላይ በተሰካ መርፌ ላይ ይጠምጥሙት፤ ከኋላ ብሎን ወይም ትንሽ ድንጋይ አስረው ያንጠልጥሉት። ጫፎቹ በኋላ በመርፌ ይሰወራሉ። አንድ ክር ብቻ ከላላ ደግሞ ከኋላ መጠቅለያው ላይ በሥሩ የታጠፈ ወረቀት ይሸጉጡ። ለቀናት የሚለዩ ከሆነ ማገጃውን አንድ ጥርስ ያላሉት።

ማውጣትና ማጠብ

ሲያልቅ በየጫፉ ለዘርፍ ቢያንስ 12 ሴ.ሜ ትተው ይቁረጡ፤ ትርፉን ክር እየፈቱ በአምስት በአምስት ይቋጩ። ቀይ ወይም ጥቁር ክር ካለበት፣ ከማጠብዎ በፊት የክሩን ቁራጭ አርጥበው በነጭ ጨርቅ ይጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ለብቻው ይታጠብ። ካልለቀቀ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ አይሹት፣ አይጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ይጫኑና ጥላ ላይ አግድም ዘርግተው ያድርቁት። ከመሣሪያው ሲወርድ ወንፊት መስሎ የነበረው ጨርቅ የሚጠጋጋው በዚህ እጥበት ነው፤ ስለዚህ ሳስቷል ብለው ሳያጥቡት አይፍረዱበት።