የኮምፒውተሬን ጉምጉምታ እንዴት ዝም አሰኘሁት

ማታ ቤቱ ጭር ሲል ኮምፒውተሬ ያለማቋረጥ «እምምም» ይላል። ፋይል ስከፍት ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይጨመርበታል። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሌላ ሰው እንዳይለፋ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋኑን ነው። አቧራውን ጠረግኩ፣ በኋላም በአዲስ ቀየርኩት። ለውጥ የለም። የኬዙን ብሎኖች አጠበቅኩ። ጭራሽ ባሰበት።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩን አጥፍቼ የሃርድ ዲስኩን የፓወር ገመድ ነቀልኩና መልሼ አበራሁት። ጸጥ አለ! ዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ ነው የሚሽከረከረው፤ በሴኮንድ 120 ዙር ማለት ነው። ንዝረቱ በብሎኖቹ በኩል ወደ ኬዙ ያልፋል። መልሼ ሰክቼ እጄን ሳሳርፍበት ቆርቆሮው መዳፌ ላይ ይርገበገባል። ዲስኩን ፈትቼ ስፖንጅ ላይ ሳስቀምጠው ጉምጉምታው ጠፋ ማለት ይቻላል። ሊበላሽ ይሆን ብዬ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል የዲስክ ጤና ማያ ፕሮግራም አየሁት፤ ጤነኛ ነው።

ከዚያ ዊንዶውሱን ክሎንዚላ በሚባል የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ወደ ኤስኤስዲ (መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ) ገለበጥኩት። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። (የሚይዘው የመረጃ መጠን ከድሮው ዲስክ እንዳያንስ፤ ካነሰ ክሎንዚላ እንዲሁ በቀላሉ አይገለብጥላችሁም።) ለፎቶና ለቪዲዮ በደቂቃ 5400 ዙር የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ መረጥኩ።

ስትመርጡ አምራቹ የሚያወጣውን ዝርዝር መግለጫ እዩ። ብዙ ጊዜ ሁለት የድምፅ ቁጥር ይሰጣል፦ አንዱ ዲስኩ ሥራ ሳይኖረው ሲሽከረከር፣ ሌላው መረጃ ሲፈልግ። ቀጭ ቀጩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነውና አትዝለሉት። የድምፁ መጠን በዴሲቤል ፈንታ በቤል ከተጻፈ በ10 አባዙት፤ 2.5 ቤል 25 ዴሲቤል ነው።

አዲሱን ዲስክ በብሎኑና በኬዙ መካከል ጎማ አድርጌ አሰርኩት። ጎማው እስኪጨፈለቅ አታጥብቁ፤ ከተጨፈለቀ ንዝረቱን ያሳልፋል።